ለልጄ የወጣላት ቃል

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ዓመት ጠዋት ቃል እናወጣለን። የመዘምራን ወጣቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ የመረጧቸውን ጥቅሶች በቁራጭ ወረቀት አሳትመው፣ ጠቅልለው፣ በቅርጫት ይዘው በወንበሮቹ መካከል ያልፋሉ። ሰው ሁሉ እጁን ይሰድና አንድ ያነሳል። ያ ጥቅስ የዓመቱ ቃሉ ይሆናል። አንዳንዱ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፤ አንዳንዱ በስልኩ ሽፋን ውስጥ ይከተዋል። ከአምልኮ ስንወጣ በግቢው የሚሰማው አንድ ወሬ ብቻ ነው። "ምን ደረሰሽ?" "አንተስ ምን ወጣልህ?"

መጋቢያችን በየዓመቱ፣ ይህ ዕጣ አይደለም፣ ትንቢትም አይደለም፣ ለዕለት ኑሯችሁ የሚያበረታ ቃል ነው ይላሉ። ሁላችንም አሜን እንላለን። ከዚያ ወረቀቱን የምንገልጠው ግን የፈተና ውጤት እንደሚያይ ተማሪ ነው። እኔ በተለይ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሳነብ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ረጅም ምዕራፍ አይሆንልኝም፤ አንድ ቁጥር ግን ይበቃኛል። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አንድ ቁጥር አነባለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በአፌ ውስጥ አገላብጠዋለሁ። ባሌ ልጃችን አፏን ሳትፈታ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ወጥቶ ነበር። ከሞያሌ ማዶ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ሞቷል ብሎ የነገረኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ለቅሶ አልተቀመጥኩም፣ ጥቁር አልለበስኩም፣ አልጠበቅሁትም ማለትም አልችልም። ያንን ሁሉ ዓመት የቆምኩት በየቀኑ በምይዛት በዚያች አንድ ቁጥር ነው። ጠዋት እንጀራ ሳልበላ እወጣለሁ፤ ቃል ሳልይዝ ግን አልወጣም።

በዘንድሮው የአዲስ ዓመት ጠዋት ልጄ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ለእኔ የደረሰኝ እግዚአብሔር መውጣትና መግባትን እንደሚጠብቅ የሚናገረው ነበር። ደስ አለኝ። እሷ የራሷን ገለጠችና ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

"አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ።"

እጄን ዘረጋሁ።

"አምጪው" አልኳት። "ሌላ አንሺ።"

"ለምን?"

"አንሺ ስልሽ!"

ቅርጫቱን የያዘችው ዘማሪ ሳቀች። "እናት፣ ሎተሪ መሰለዎት እንዴ? አንዴ ነው የሚነሳው።"

ልጄ ወረቀቱን በጡጫዋ ጨበጠችው። "የኔ ነው። ወድጄዋለሁ።"

ከቤተ ክርስቲያኑ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስንሄድ እሷ ትዘላለች፤ እኔ አስባለሁ። አባቴ ይላል። አባቷ ከሄደ ቆይቷል፤ ያ ተፈጽሟል። እናቴ ይላል። እናቷ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ልጄን በፈቃዴ ትቼ የትም የምሄድ ሴት አይደለሁም። እንዲህ ያለች እናት ልጇን የምትተውበት መንገድ ታዲያ አንድ ብቻ ነው። ቤታችን በር ላይ ስደርስ ነገሩ በልቤ ውስጥ አልቆ ነበር። ያ ዓመት የእኔ የመጨረሻ ዓመት ነው።

የምሠራው ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንሶላ አጥበን፣ አድርቀን፣ ተኩሰን እናጥፋለን። የሆቴል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ከዚህና ከዚያ ጫፍ ይዞ ይወጥረዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከዚያ እየተራመደ መሃል ላይ ይገናኛል። በፊት አንሶላ ለእኔ አንሶላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ነጩ ጨርቅ በሁለት ሴት እጅ ተወጥሮ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሳየው፣ እናቴ የተገነዘችበት ቀን ይመጣብኛል። ከላውንደሪው ጣሪያ ላይ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይቆማል። ሐዋሳ ውስጥ ለኖረ ሰው አባ ኮዳ እንደ ዶሮ ነው፤ ዓሣ ካለበት፣ ቆሻሻ ካለበት አይጠፋም። እኔ ግን ያንን አንገቱን ቀብሮ የሚቆመውን ወፍ ቀና ብዬ ማየት ተውኩ። የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላል።

አብራኝ የምታጥፈው የሲዳማ ሴት ናት፤ ከሥራ በፊትም አብረን እንጸልያለን። አንድ ቀን አንሶላው ከእጄ ሲያመልጥ ጮኸችብኝ።

"አንቺ፣ ወጥሪው እንጂ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?"

ነገርኳት። ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ።

"እና በዚህ ነው እንዲህ የከሳሽው?"

"ቀላል ነገር ነው እንዴ?"

"ለእኔ አምና ምን እንደወጣ ታውቂያለሽ? ስለ ፈረስና ስለ ሰረገላ! ዓመቱን ሙሉ ጠበቅኩ። እንኳን ሰረገላ፣ የአህያ ጋሪ አልመጣልኝም።"

ሳቀች። እኔ ሳልስቅ ስቀር ጨርቁን እየጎተተች ተጠጋችኝ።

"ቃሉን እንደ ጠንቋይ ነገር አታድርጊው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የወጣው ለልጅቷ ነው። እሷን ጠይቂያት። ቃሉ ምን እንዳላት እሷ ናት የምታውቀው።"

አልጠየቅኳትም። ከአፌ ከወጣ ፍርሃቱ ወደ እሷ ይጋባል ብዬ ፈራሁ።

ጠዋት ጠዋት የማነባት ቁጥርም እንደ በፊቱ አልሆነችልኝም። በፊት አንብቤ እጽናና ነበር። አሁን መጽሐፉን የምከፍተው እንደ ሰላይ ነው። ስለ ሕይወት የሚናገር ሲገጥመኝ፣ እግዚአብሔር አዝኖልኝ እያባበለኝ ነው እላለሁ። ስለ ሞት ሲሆን ይኸው እላለሁ። ከዚያ ሳይበቃኝ መንገድ ላይ ያሉትን ጥቅሶች ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እንደምታውቁት የከተማችን ባጃጆች ከኋላቸው ጥቅስ ይለጥፋሉ። አንድ ጠዋት ለሥራ እየረፈደብኝ ባዶ ባጃጅ መጥቶ ቆመልኝ፤ እኔ ግን ከኋላ ዞሬ የተለጠፈውን በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ያዝኩ። ስለ መጨረሻው ዘመን ነበር። ወደ ኋላ አልኩ።

"እናት፣ ግቢ እንጂ!" አለኝ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

"ሌላ እጠብቃለሁ።"

"ምን ጎደለው ይሄ?"

"ጥቅሱ።"

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። "ጥቅሱ መንጃ ፈቃድ የለውም እኮ፤ የምነዳው እኔ ነኝ!"

ትቶኝ ሄደ። አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ የሚል የተለጠፈበት እስኪመጣ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። በዚያም ገብቼ የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጄ አጥብቄ ነበር የያዝኩት። አስፋልት ስሻገር ከሰው መሃል ሆኜ ነው የምሻገረው። ግራ ደረቴን ይወጋኝ ስለጀመረም ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ደም ግፊቴን ለካች፣ ደረቴን አዳመጠች።

"ምንም አላገኘሁብሽም" አለችኝ። "የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?"

የለም አልኩና ወጣሁ።

መሞት ራሱ ያን ያህል አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ተዘግቶ፣ ጎረቤት ሰብሰብ ብሎ፣ የሚነግራት ሰው ሲጠፋ። ይህንን እንደ ፊልም ደጋግሜ አየሁት። የምትለብሰውን ልብስ ሳይቀር አየሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ነገሩ ድንገት ሳይደርስባት፣ እኔ ቀስ በቀስ ላለማምዳት።

መጀመሪያ ሽሮ መሥራት አስተማርኳት፤ ከሰል ማያያዝም፣ የቆጣሪውን ካርድ መሙላትም። እኔን ተደግፋ ነበር የምትተኛው፤ ከዚያ ለብቻዋ ፍራሽ ገዝቼ በዚያኛው ግድግዳ ሥር ዘረጋሁላት።

"ለምን?" አለች።

"አድገሻል።"

ፍራሹን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ተኛች።

ከዚያ የቱላ ነገር መጣ። ታላቅ እህቴ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ነው የምትኖረው። እትዬ እላታለሁ፤ ልጄም ከእኔ ሰምታ እትዬ ነው የምትላት። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ እንሰት ያለበት ጓሮና አንዲት ላም አላት። እኔ ብሄድ ልጄን የሚቀበላት ሌላ ሰው የለኝም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቱላ እወስዳትና እሁድ ከሰዓት መጥቼ እመልሳታለሁ። በመጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ላሟን ታስግጣለች፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትሮጣለች። ከገና በኋላ ግን ዓርብ ሲመጣ ዝም ማለት ጀመረች። ቦርሳዋን ራሷ ታዘጋጅና በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። እንዲህ ታዛዥ ስትሆን እየለመደች ነው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ምስጋና ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እትዬ ሴትየዋ የዋዛ አይደለችም። አንድ እሁድ ልጄ ጓሮ ሳለች ያዘችኝ።

"ንገሪኝ እስቲ፤ ይህችን ልጅ የምታመጫት ለጥየቃ ነው ወይስ ለማስረከብ?"

"አየሩ ይስማማታል ብዬ ነው።"

"የሐዋሳ አየር ምን ሆነ? ሐይቁ ደረቀ?"

"እትዬ፣ እባክሽ።"

"ሰው አገኘሽ እንዴ? ልታገቢ ነው?"

"ኧረ በኢየሱስ ስም! ምን ትያለሽ?"

"ታዲያ እኔ ምን ልበል? ልጅቷ እዚህ ስትመጣ በር በሩን ስታይ ነው የምትውለው። የሚያደርሰኝ ሰው ይመጣል እንደሚል እንግዳ።"

እውነቱን አልነገርኳትም። ብነግራት ወይ ትስቅብኛለች፣ ወይ ታምነኛለች። ሁለቱንም አልቻልኩም።

የበልጉ ዝናብ በገባ ጊዜ ሕልም አየሁ። አንሶላ እያጠፍኩ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ ማን እንደያዘው አይታይም፤ ግን እየተራመደ ይመጣል። ስነቃ ሰውነቴ በላብ ተነክሯል። በማግስቱ የቱላ ትምህርት ቤት ሄጄ ለዝውውር ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኩ። ያን ሳምንት ዓርብን ዘልዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተኝታ ሳለች ትልቁን ሻንጣ አውጥቼ ልብሶቿን፣ ደብተሮቿን፣ የክረምት ጫማዋን ሁሉ ከተትኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። እዚያ ስንደርስ እነግራታለሁ አልኩ።

እትዬ ቤት ገብተን ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አቆምኩት። ልጄ ተንበርክካ ዚፑን ከፈተች። ሹራቧን አወጣች። ከሥሩ የሒሳብ ደብተሯን አገኘች። ከሥሩ ሌላ ደብተር። እጇን ገታች።

"እማ።"

"ወይ።"

"ቀኑ ደረሰ ማለት ነው?"

"የቱ ቀን?"

"የምትተዪኝ ቀን።"

እትዬ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። ልጄ አታለቅስም ነበር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሐኪም ቤት ወረፋ እንደምትጠብቅ ሰው ነበር የተቀመጠችው።

"ማነው እተውሻለሁ ያለሽ?" አልኳት።

"ቃሌ ላይ አለ እኮ። አባቴ፣ ከዚያ እናቴ።" ደብተሩን መልሳ ሻንጣው ውስጥ አስተካክላ አስቀመጠችው። "መጀመሪያ ሳነበው ስለ አባዬ ብቻ ነው የመሰለኝ። እግዚአብሔር ተቀበለኝ ስለሚል ደስ አለኝ። እናቴ የሚለውን ዘለልኩት። አንቺ አትተዪኝማ ብዬ። ከዚያ ፍራሹን ለየሽው። እዚህ ማምጣት ጀመርሽ። አዪዪ፣ እማም የሚሆነውን አውቃለች አልኩ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታስቢው?"

"ከገና ጀምሮ። ዓርብ ሲሆን ዛሬ ይሆን እላለሁ። እሁድ ስትመጪ ዛሬም አይደለም እላለሁ።"

ያንን ስትናገር በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ፍራሽ ላይ፣ ሁለታችንም ከአንድ ቃል ተደብቀን እንደኖርን ገባኝ። እኔ ሞቴን ስጠብቅ እሷ የምተዋትን ቀን ስትጠብቅ። የእሷ ደግሞ እውነት ነበር። የእኔ ሞት አልመጣም፤ የእሷ መተው ግን በየዓርቡ እየመጣ ነበር፤ የማመጣውም እኔ ነበርኩ፣ በገዛ እጄ፣ ሻንጣ ይዤ።

መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ልተውሽ አይደለም" አልኩ። "የምሞት መስሎኝ ነው።"

"ታመሻል?"

"አይ። ነርሷ ምንም የለብሽም ብላኛለች።"

"ታዲያ?"

"ቃሉ እናቴ ይላል። እኔ ካልሞትኩ አልተውሽም። ስለዚህ…"

ትንሽ አሰበች። ስታስብ እንደ አባቷ ቅንድቧን ትሰበስባለች።

"እማ፣ መጨረሻውን አላነበብሽውም እንዴ?"

አንብቤዋለሁ ልላት ነበር። ውሸት ይሆንብኝ ነበር። ስታነበው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ መጽሐፉን ገልጬ ሳነበው ግን ጣቴ እናቴ ከሚለው ቃል አልፋ አታውቅም። እዚያ ላይ ቆማ ነው የከረመችው። ልጄ በቃሏ ይዛው ነበርና እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ ብላ ደገመችልኝ፤ ለሕፃን እንደሚነግሩት ቀስ ብላ።

እትዬ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። ድንገት ተነሳችና የሻንጣውን ዚፕ ዘጋችው።

"አንቺ ሴት" አለችኝ። "እግዚአብሔር እቀበላታለሁ ያላትን ልጅ አንቺ ምን አጣድፎሽ ነው ለእኔ የምትሰጪኝ? ብትሞቺ እኔ የት ሄጄ? በእግሬ መጥቼ እወስዳት የለ! እስከዚያ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ዝናቡም መጣ፤ ተነሱ!"

ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችን። እያጉረመረመች ነበር፤ ዓይኗን ግን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻታለሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከብዳኛለች፤ አድጋለች። አላንቀሳቀስኳትም።

አሁን ክረምት ነው፤ ዓመቱ ገና አላለቀም። ፍርሃቱ ሄደ ብዬ ብጽፍ ይህን የሚያነቡ እናቶች አያምኑኝም፤ እኔም አላምንም። ሐኪም ያላየው ነገር በደረቴ ይኖር ይሆናል። መኪናም አለ፣ ሌላም አለ። አንዳንድ ቀን አንሶላው ሲወርድ አሁንም ከእጄ ያመልጠኛል፤ ጓደኛዬ አይታ ቶሎ ብላ ትጠጋኛለች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከመጋቢያችን በላይ አውቃለሁ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ያዝኩበት። እኔ የማልደርስበት ቀን ቢመጣ፣ እዚያ ቀን ላይ የሚቀበላት ቀድሞ ቆሟል። ስለዚህ እዚያ ቀን ላይ አስቀድሜ ሄጄ መቆም የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ ዛሬ ነው። ይህን ለራሴ በቀን ብዙ ጊዜ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ አይሰማኝም።

ከቱላ በተመለስን በሰኞው ጠዋት ልጄ አርፍዳ ተነሳች። አንድ እግር ካልሲ ጠፋት። ስትፈልግ ሻዩን ደፋችው፤ የተተኮሰው ዩኒፎርሟ ላይ።

"ዓይንሽ የት ነው ያለው?" ብዬ ጮህኩባት። "ማታ አዘጋጂ አላልኩሽም? በየቀኑ እኔ ነኝ የምለፈልፈው?"

አፏን ከፍታ አየችኝ። እኔም ደነገጥኩ። ከመስከረም ወዲህ ተቆጥቻት አላውቅም ነበር። መጨረሻ የምታስታውሰው ድምፄ ቁጣ እንዳይሆን ብዬ፣ ስትሳሳት እንደ እንግዳ ልጅ በለሰለሰ አንደበት ነበር የምነግራት።

"እሺ አልኩሽ እኮ!" አለች እሷም ጮክ ብላ። "ምን አለበት አንድ ቀን ብደፋ!"

"አንድ ቀን? ሐሙስ ዕለት ወጡንስ ማን ደፋው?"

"ድመቷ ናት!"

ድመት የለንም። የጎረቤት ድመት ማለቷ ነው። ካልሲው ከአልጋው ሥር ተገኘ፤ ሸሚዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩላት፤ ከንፈሯን ጥላ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ደህና ዋዪ ሳትለኝ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ቆሜ ሳቅኩ። ከዚያ ማታ ስትመለስ ስለ በሩ የምቆጣትን ቁጣ እያሰብኩ ነጠላዬን ደረብኩ።